እርስዎ፣ ከአሸዋው ሥር

ጨረቃ ሳትወጣ፣ ነፋሱ አሸዋ ሲነዳ፣
በቦአ ቪስታ ደሴት፣ ከጨው ሜዳው ማዶ፣ ኢቫኒልዳ
በደረቷ ተኝታ፣ ክንዷ እስከ ትከሻ ጉድጓድ ገብቶ፣
ትቆጥራለች፤ ሰማንያ ሁለት፣ ሰማንያ ሦስት፣ ድምፅዋ ጠፍቶ።
እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ፣ ለአንድ ክረምት የመጣሁ እንግዳ።

እናቲቱ ታነባለች። ጨው ማስወጫዋ ነው፣ ኀዘን አይደለም፤
(ይህን ያልጠየቃት ተማሪ እስከ ዛሬ የለም።)

እንቁላሉ ሲነኩት እንደ ሊጥ ይሰረጉዳል፤
ሲወድቅ አይሰበርም፤ ነጥሮ ከወንድሙ፣
ከእህቱ? ጎን ይወርዳል።
እዚህ ላይ ነው ቋንቋዬ እግሬን የሚይዘኝ፣
ልጥራህ ወይስ ልጥራሽ፣ ብሎ የሚያፋጥጠኝ።
አንተ ብል ቸኮልሁ፣ አንቺ ብል ቸኮልሁ፤
ዳኛው አሸዋ ነው፣ ፍርዱን እጠብቃለሁ።
እስከዚያው እርስዎ ልበል፤ አክብሮት ጾታ አያውቅም፤
የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ለሚያህል እንግዳ ማዕረግ አይበዛበትም።

ሃያ ሰባት ላይ ወንድ ነው፣ ሠላሳ አንድ ላይ ሴት፤
መካከሉ ሃያ ዘጠኝ፣ ዕጣ የሚጣልበት ቤት።
አዝራር የምታህል መለኪያ ከመሃል ትቀብራለች፤
ያቺም ስልሳ ቀን ሳትተኛ በየሰዓቱ ትጽፋለች።
ዘንድሮ የተነበበው፦ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሁለት፣
ሠላሳ አንድ ነጥብ ዘጠኝ (ዝናብ የጣለ ለት)፣
ሠላሳ ሁለት።
መቶ ጎጆ አየች። ወንድ ያለበት ስንት?
ስድስት።

ኞ ታንክሬዱ ዘበኛው ነው። ድሮ አራጅ ነበረ፤
በዚህ ዳርቻ ስንቷን ገልብጦ በጀርባዋ አሳደረ።
የተገለበጠች ኤሊ መነሣት አትችልም፤
ይህን ሲናገር ወደ ባሕሩ ያያል፣ ወደ ሰው አያይም።
የት እንደምትወጣ፣ በምን ማዕበል፣ የትንፋሿን ድምፅ፣ ፍርሃቷን፣
እሱ ነው ያስተማራት፤ ዩኒቨርሲቲው የላቲን ስሟን።

ስድስት፣ አለችው። ሲጋራውን ረግጦ አጠፋ።
“ዶክተር፣ አውቀዋለሁ ይህን አገር፣ ወንዱ የጠፋ።
አባቴ ወደ ሮተርዳም፣ አጎቶቼ ወደ ሊዝበን፣
መርከብ በልቷቸው፣ በሴት እጅ ነው ያደግን።
እናቴ ጣራ ከደነች፣ ጉድጓድ ማሰች፣ ሙት ቀበረች፣
ሁሉን ቻለች።
ሌላ ልጅ ግን ከየት ታምጣ?”
ዝም ተባባሉ። ከማዕበሉ ሌላ ጥቁር ጀርባ ወጣ።

ሊነጋ ሲል ጎጆውን ወደ ዘንባባው ጥላ ያዛውራሉ።
ካደረ በኋላ እንቁላል ቢያዞሩት፣ ፅንሱን ይገድላሉ፤
ታንክሬዱ ስለ መገልበጥ የማያውቀው ምን አለ?
በጥንቃቄ ሄደ፣ ማንም ሳይነግረው ቀስ እያለ፣
ባንድ እጁ ባልዲ እንደ ሞላ ወተት ይዞ፣
በሌላው ያረጀ መቅዘፊያ ተመርኩዞ።
“ላንድ ደሴት ዳርቻ ስንት ዘንባባ ይበቃል?” አልኋት።
“እንጃ” አለችኝ። ሳይንስ ይህችን ቃል አልከለከላት።

በሃምሳ ዘጠነኛው ሌሊት አሸዋው ወደ ውስጥ ሰረጎደ፤
አንድ አፍንጫ፣ ከዚያ ብዙ፤ ጎጆው እንዳለ ተናደ።
መለኪያዋን አውጥታ በቀይ መብራት አነበበች፦
ሃያ ስምንት ነጥብ ስድስት።
ደግማ አነበበች።

እንግዲህ፣ ብሳሳትም፣ አንተ ልበልህ አሁን።
ሴት ብትሆን ከሃያ አምስት ዓመት ወዲያ ይህን
አሸዋ ፈልገሽ ነይ፣ እልሽ ነበር። ወንድ ግን
ውሃ ከነካ ወዲያ ምድር አይረግጥም። አንተን
አለማየታችን ነው ደመወዛችን።

ታንክሬዱ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ወደብ ላይ እንደ ልጅነቱ፤
አረፋው አንድ በአንድ ሲወስዳቸው አልዞረም ፊቱ።
“አባቴን ይመስላሉ” አለ፤ “እነዚህ ግን ገንዘብ አይልኩ።”
ሳቀች፤ እርሳሱን መለሰችልኝ፦ አርባ ጎጆዎች አሉ ያልተለኩ።